ዛንዚባር መቼ ይኬዳል? የእኛ ክረምት፣ የእነሱ በጋ

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሠርጓ ለዳግማ ትንሣኤ ተቆርጧል። «ጫጉላችንን ዛንዚባር ልናሳልፍ ነው። ሆቴሉ ደግሞ በግማሽ ዋጋ ነው የተገኘው!» አለችኝ። ደስታዋን ማደብዘዝ አልፈለግኩም። ዝም ማለትም አልሆነልኝም። ሆቴሉ ለምን በግማሽ ዋጋ እንደተገኘ አውቃለሁና።

እኔና ባለቤቴ የሄድነውም በዚያው ሰሞን ነበር። ስድስት ቀን ቆየን፤ አራቱን ዘነበ። ካፊያ እንዳይመስላችሁ። የነሐሴ የአዲስ አበባ ዝናብ የሚናቅበት ዶፍ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ባሕሩ የሚያስገባው ኮረኮንች መንገድ ኩሬ ሆነ። ስማቸውን ጽፈን የሄድናቸው ሁለት ምግብ ቤቶች ለወቅቱ ተዘግተው ጠበቁን። ፍቅር ላይ ስለነበርን ብዙም አልከፋንም። ነገር ግን ለዓመታት ቆጥበን የሄድንበት ባሕር ግራጫ ሆኖ ነው ያየነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። አንዴ ነሐሴ ላይ ከእናቴ ጋር፣ አንዴ መስከረም ላይ። ያቺው ደሴት፣ ያው ዳርቻ ነው። የአየሩ ልዩነት ግን ሰማይና ምድር ነበር። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ወሮቹን ላወዳድርላችሁ። ወሮቹን የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሆቴልና በረራ የሚያዘው በፈረንጆቹ ስለሆነ ሲያስፈልግ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ዝናቡ መንገደኛ ነው

ዛንዚባር ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። እኛ ደግሞ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ነን። በዚህ አካባቢ ዝናብ የሚያመጣው የደመና ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ወደ ሰሜን ሲወጣ መጀመሪያ እነሱን ያገኛል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ የሚዘንብባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ረጅም ዝናብ «ማሲካ» ይሉታል። ከዚያ ቀበቶው ወደ እኛ ይወጣል፤ ሐምሌና ነሐሴን እኛ ጋ ይከርማል። እኛ ጃንጥላ ስንዘረጋ እነሱ ልብስ ያሰጣሉ። ወደ ደቡብ ሲመለስ ደግሞ በኅዳር አካባቢ እንደገና ያልፍባቸዋል። ያኔ የሚዘንበው አጭሩ ዝናብ «ቩሊ» ይባላል።

ከዝናቡ ሌላ ሁለት ነፋሶች አሉ። «ካስካዚ» ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ሙቀት ከእሱ ጋር ይመጣል። «ኩሲ» ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ከማሲካ አንስቶ እስከ መስከረም ድረስ ደሴቷን ያቀዘቅዛታል። የዛንዚባር ታሪክ ራሱ በእነዚህ ሁለት ነፋሶች ላይ የቆመ ነው። ከዓረብ አገርና ከህንድ የሚመጡት የሸራ ጀልባዎች በካስካዚ ተገፍተው ይደርሱ ነበር። ቅርንፉድና የዝሆን ጥርስ ጭነው፣ በሚያሳዝን ሁኔታ ሰውም ጭነው፣ በኩሲ ይመለሱ ነበር። የባሪያ ገበያው የተዘጋው በፈረንጆቹ 1873 ነው። ስቶን ታውን የተባለው አሮጌው ከተማ ስትደርሱ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራውን ካቴድራል ሳታዩ አትመለሱ። ዝናብ ይዝነብ አይዝነብ፣ ይህ ጉብኝት አይቀርም።

አሁን ወደ ምርጫው።

ከፋሲካ በኋላ፦ ለሙሽሮች ከባዱ ወቅት

የእኛ ሠርግ በሁለት ሰሞን ይከማቻል። አንደኛው ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ለዛንዚባር ይስማማል። ሁለተኛው ግን ቀጥታ ማሲካ ላይ ይወድቃል።

ምን ያህል ይዘንባል? በኤፕሪል ወር ብቻ በአማካይ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል። በጁላይና በኦገስት ግን በየወሩ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ስድስት ሰባት እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። በማሲካ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ላይዘንብ ይችላል። ጠዋት ወርዶ ከሰዓት ፀሐይ ሊወጣ ይችላል። ግን ነገ ምን እንደሚሆን ማንም አይነግራችሁም። የጀልባ ጉዞ ይሰረዛል። ከየጅረቱ አፈር ስለሚገባ ባሕሩ ይደፈርሳል፣ ስኖርክሊንግ (በመነጽርና በትንፋሽ ቱቦ እየዋኙ የባሕሩን ውስጥ ማየት) ደስ አይልም። ወበቁም አይለቅም። አንዳንድ ሆቴሎች ኤፕሪልና ሜይን ጨርሰው ይዘጋሉ፤ ዕድሳታቸውን የሚያደርጉት በዚያን ጊዜ ነው።

ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ስለሚለዋወጥ ይህንንም ልብ በሉ። በ2018 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 4 ነው። ዳግማ ትንሣኤ በኤፕሪል 19 መሆኑ ነው፤ የማሲካ ዋናው ልብ ላይ። በ2019 ዓ.ም. ግን ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። የዚያን ዓመት ሙሽሮች ጫጉላቸውን ሁለት ሦስት ሳምንት ቢያዘገዩና ግንቦት ሲያልቅ ቢሄዱ ዝናቡ ሲያባራ ይደርሳሉ። በ2020 ዓ.ም. እንደገና ወደ ሚያዝያ 8 ይመለሳል።

ለመሆኑ በማሲካ መሄድ ጥፋት ነው? አይደለም። ዓላማችሁ መዋኘት ካልሆነ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ መጽሐፍ ማንበብ፣ መተኛትና የዝናብ ድምፅ መስማት ከሆነ፣ ገንዘብም የምትቆጥቡ ከሆነ ይሁን። ደሴቷ ያኔ አረንጓዴ ናት፣ ሰውም የለም። ግን ይህን አውቃችሁ ምረጡት። ደላላ «ትንሽ ይዘንባል» ብሎ ሲነግራችሁ አትመኑ።

ስለ አውሎ ነፋስ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ደሴቷ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ከባድ የባሕር አውሎ ነፋስ እምብዛም አይደርስባትም። እምብዛም ማለት ግን በጭራሽ ማለት አይደለም። በኤፕሪል 1872 የመታት አውሎ ነፋስ የዋናዋን ደሴት የቅርንፉድ ዛፎች አብዛኞቹን ነቅሏቸዋል። የቅርንፉዱ ምርት ወደ ጎረቤቷ ፔምባ ያዘነበለው ከዚያ በኋላ ነው። በሜይ 2024 ደግሞ ሂዳያ የተባለው አውሎ ነፋስ የታንዛኒያን ጠረፍ መትቶ በዳሬሰላምና በዛንዚባር መካከል የሚሄዱት ጀልባዎች ቆመው ነበር። ሁለቱም የሆኑት በማሲካ ወራት ነው።

ታዲያ የሚያዝያ ሙሽራ የት ይሂድ?

ሞምባሳ እንዳትሉ። የኬንያ ጠረፍም ይኸው ዝናብ ነው ያለበት፤ እንዲያውም ግንቦት ላይ ይብሳል።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት ስለ ሲሼልስ ነው። የሲሼልስ የዝናብ ወቅት ከዛንዚባር ይለያል። እነሱ ጋ ብዙ የሚዘንበው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ኤፕሪልና ሜይ ነፋሱ ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ሌላው የሚዞርበት ጊዜ ነው። ባሕሩ ይረጋል፣ ውሃው ይጠራል፣ ይሞቃል። ዝናብ አይጠፋም፣ ግን ማሲካን የሚመስል ነገር የለም። አየር መንገዳችን ወደ ዋናዋ ደሴታቸው ማሄ ይበራል። ሲሼልስ ከኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ግን ግዴታ ነው። ችግሩ ዋጋው ነው። ምግቡም፣ ማደሪያውም፣ ታክሲውም ከዛንዚባር በጣም ይወደዳል። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሠርጋችሁ ከፋሲካ በኋላ ሆኖ ገንዘብ ካላችሁ ሲሼልስ አራት ቀን ሂዱ። ገንዘቡ ከጠበበ ጫጉላውን አዘግዩትና ሰኔ ላይ ዛንዚባር ስምንት ቀን ቆዩ። ሠርግ እንደሆን አልፏል፤ ጫጉላ ቢዘገይ የሚቆጣ የለም።

በጥር ለምታገቡት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ሲሼልስ ይዘንባል፤ ዛንዚባር ፀሐይ ነው።

ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፦ ከእኛ ዝናብ ማምለጫ

ይህን ወቅት እንደሚገባው የምናውቀው አይመስለኝም። ልጆች ትምህርት የሚዘጉት ያኔ ነው። አዲስ አበባ ጭጋግና ጭቃ ናት። በዛንዚባር ግን ዋናው ደረቅ ወቅት ነው። «ኪፑፕዌ» ይሉታል፤ ቀዝቃዛው ጊዜ ማለታቸው ነው።

ቀዝቃዛ የሚለው ቃል እንዳያታልላችሁ። ቀን ላይ 28 ወይም 29 ዲግሪ ነው። ሌሊት 22 አካባቢ ይወርዳል። ያ ለዛንዚባር ሰው ብርድ ነው፤ ለእኛ ደጋ ሰዎች የፀደይ ቀን ነው። የባሕሩ ውሃ 25 ወይም 26 ዲግሪ ይሆናል። እናቴ ሙቀት አትችልም፤ ልቧም ይደክማል። በነሐሴ ግን ማታ ማታ ነጠላዋን ደርባ ባሕሩ ዳር ትቀመጥ ነበር። «ይሄ ሙቀት ሳይሆን ምርቃት ነው» አለችኝ። በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችሁን፣ ወይም ትንንሽ ልጆችን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከዚህ ወቅት ሌላ አልመክርም።

ዱባይ፣ ሪያድ፣ ኩዌት ለምትሠሩትም ይኸው ነው። እናንተ ጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን እዚያ 28 ነው። በአዲስ አበባ በኩል አልፋችሁ ቤተሰብ አግኝታችሁ ሄዳችሁ መምጣት ትችላላችሁ።

ሁለት ነገር ግን ይፈትናል። አንደኛው ዋጋ ነው። አውሮፓውያንም ዕረፍታቸው ያኔ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ውድ ነው። ሰኔ መጀመሪያው ላይ ገና ይረክሳል። ሁለተኛው ኩሲ ራሱ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ምሥራቁን ዳርቻ ፊት ለፊት ይመታል። ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ አሸዋ ያነሳል፣ ባሕሩ ይናወጣል። ለካይት ሰርፊንግ (በነፋስ ሸራ እየተጎተቱ በባሕር ላይ ለመንሸራተት) የሚመጡት ሰዎች ግን የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። የፓጄ ሰማይ በባለቀለም ሸራዎች ይሞላል፤ ቆሞ ማየቱ ብቻ ይበቃል። መዋኘት የሚፈልግ ሰው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ኬንድዋ ይሂድ፤ እዚያ ደሴቷ ራሷ ነፋሱን ትከልልላችኋለች። ከዳሬሰላም በጀልባ የምትሻገሩ ከሆነም ተዘጋጁ። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ በኩሲ ጊዜ ግን ማዕበሉ ሆድ ይበጠብጣል። የማቅለሽለሽ ክኒን ይዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡ። አቅም ካለ በቀጥታ ከአዲስ መብረር ይሻላል፤ በረራው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

በዚሁ ወቅት ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች በዛንዚባር ባሕር ያልፋሉ። በሐምሌ ደግሞ በደቡብ ጫፍ ባለችው ማኩንዱቺ መንደር «ምዋካ ኮግዋ» የሚባል የአዲስ ዓመት በዓል አለ። ከፋርስ የመጣ የዘመን አቆጣጠር ነው ይላሉ። ወንዶቹ በሙዝ ግንድ ይፋለማሉ፣ ያለፈው ዓመት ቂም እዚያው ይቀራል። ሴቶቹ በምርጥ ልብሳቸው እየዘፈኑ ይዞራሉ። እንግዳ ቤት ገብቶ ካልበላ ደስ አይላቸውም። ይህን ስሰማ አገሬ ያለሁ መሰለኝ።

መስከረም፦ የእኔ ምርጫ

አንድ ጊዜ ብቻ የመሄድ ዕድል ቢኖረኝ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያሉትን ሦስት ሳምንታት እመርጥ ነበር። የአውሮፓ ተማሪዎች ተመልሰዋል፣ ዋጋው ቀንሷል። ኩሲ እየደከመ ነው። ባሕሩ መጥራት ይጀምራል። አጭሩ ዝናብ ገና አልመጣም። ምኔምባ በተባለችው ትንሽ ደሴት ዙሪያ ስኖርክሊንግ ስናደርግ ከታች ያለው አሸዋና ኮራል በመስተዋት ውስጥ የሚታይ ይመስል ነበር። ዳይቪንግ የሚያውቁ ሰዎችም ባሕሩ ይበልጥ የሚጠራው ከመስከረም መጨረሻ አንስቶ እስከ ጥቅምት ነው ይላሉ፤ ሌላው ጥሩ ጊዜያቸው የካቲት ነው።

ልጆች ያሏችሁ ግን ችግራችሁ ይገባኛል። መስከረም ትምህርት ቤት ይከፈታል። ለእናንተ ነሐሴ ይሻላል። ልጅ የሌላችሁና የዓመት ፈቃዳችሁን መምረጥ የምትችሉ ሰዎች መስከረምን አታሳልፉት።

ኅዳር፦ ቩሊን ለሚደፍር

ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ቩሊ ነው። ከማሲካ ጋር አታምታቱት። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሁለት ሰዓት ወርዶ ያቆማል። ከዚያ ፀሐይ ይወጣል። ዋጋውም መካከለኛ ነው። በደህናው ዓመት ኅዳር ላይ ሄዶ ጥሩ ሳምንት ማሳለፍ ይቻላል።

በደህናው ዓመት ነው ያልኩት ግን። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ ወይም ኤልኒኞ ሲበረታ ቩሊ ይከፋል። በፈረንጆቹ 2019ና 2023 መጨረሻ ወራት ምሥራቅ አፍሪካ በጎርፍ የተጥለቀለቀው በዚህ ነው። የእኛም ሶማሌ ክልል ያኔ ምን እንደደረሰበት ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ለኅዳር ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የዓመቱን ትንበያ ስሙ። «ኤልኒኞ» የሚል ቃል በዜና ደጋግማችሁ ከሰማችሁ ወር ቀይሩ።

ከገና እስከ የካቲት፦ ፀሐይ ለሚወድ

ካስካዚ ገብቷል። ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ቀን 32፣ 33 ዲግሪ ይደርሳል። ሌሊቱ ከ25 እምብዛም አይወርድም። ባሕሩ እየሞቀ ሄዶ የካቲት መጨረሻ ላይ ወደ 29 ይጠጋል። በቴሌቪዥን የምናየው የዛንዚባር ፎቶ የዚህ ወቅት ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው ግን ወበቁ ከባድ ነው። ሙቀቱን ሳይሆን እርጥበቱን ነው የማትለምዱት። ልብስ አይደርቅም፣ ቆዳ ይጣበቃል። በዚህ ወቅት ኤሲ የሌለው ክፍል አትያዙ። ቬንቲሌተር ብቻ ያለውን ርካሽ ክፍል ይዞ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው አውቃለሁ። የድሬዳዋ፣ የአፋርና የጋምቤላ ሰው ይህን አንብቦ እንዳይፈራ፤ ለእናንተ ምንም አይደለም።

ዋጋው ከዲሴምበር 20 ገደማ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሰሞን ጣሪያ ይነካል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ያኔ የፈረንጆቹ ግርግር አልፏል። ገናን እዚህ ከቤተሰብ ጋር አክብሮ በማግሥቱ መሄድ ብልህነት ነው። ጥምቀትን እዚህ ማሳለፍ የሚፈልግም ከጥር 12 በኋላ ይሂድ። ለጥር ሙሽሮች ይህ ጊዜ ተስማሚ ነው። በፌብሩዋሪ ደግሞ በስቶን ታውን «ሳውቲ ዛ ቡሳራ» የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። ከፈረንጆቹ 2004 ጀምሮ ነው። ከመላው አፍሪካ ባንዶች ይመጣሉ፤ በአሮጌው ምሽግ ግቢ ውስጥ ማታ ማታ ይጫወታሉ።

አንድ ነገር አስቡ። ዛንዚባር ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። በዚህ ዘመን ረመዳን በፌብሩዋሪና በማርች ይውላል፤ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። በረመዳን ቀን ላይ የመንደር ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። መንገድ ላይ መብላትና መጠጣት ነውር ነው። በሆቴል ውስጥ ግን ችግር የለም። ሙስሊም ለሆናችሁ አንባቢዎች ደግሞ ይህ ምክንያት ሆኖ የሚያስመርጥ እንጂ የሚያስቀር አይደለም። ከማግሪብ በኋላ ስቶን ታውን ትነቃለች፤ ዒዱንም ለቀናት ያከብሩታል።

የሁዳዴ ጾመኞችም አትጨነቁ። ባቄላ በኮኮናት ወተት ይሠራሉ፣ «ምቺቻ» የሚባል ቅጠል እንደ ጎመን ያበስላሉ፣ ሩዙም በኮኮናት ነው። ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ጥግብ ብላችሁ ትውላላችሁ። ግን መጋቢት አጋማሽ ላይ ማሲካ እንደሚገባ አትርሱ፤ ጾሙ ሲጀምር ሂዱ እንጂ ወደ ሕማማት አትግፉት።

ወሩን መረጣችሁ፤ አሁን ደግሞ ጨረቃን እዩ

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ለዚህ ነው ሰፋ አድርጌ የምጽፈው።

የዛንዚባር ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ እስከ 4 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። በምሥራቁ በኩል ዳርቻው ገደል የሌለው ሜዳ ስለሆነ፣ ውሃው ሲሸሽ እስከ ኮራሉ ግንብ ድረስ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ይራቆታል። ጠዋት ተነስታችሁ ዋና ልብስ ለብሳችሁ ስትወጡ ባሕሩ የለም። በቃ፣ የለም። ነጭ አሸዋ፣ ኩሬ፣ አረንጓዴ ሣር።

የሚሸሸው አብዝቶ ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሲሆን ነው። በእነዚያ ቀናት ውሃው የሚሸሸው ረፋድ 4 ወይም 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ሞልቶ የሚመለሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ያንሳል፣ ባሕሩም ብዙ አይርቅም።

ስለዚህ ለዋና ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት መፍትሔ አለ። ወይ ሰሜን ላይ፣ ኬንድዋ ወይም ኑንግዊ፣ እረፉ፤ እዚያ ዳርቻው ቶሎ ስለሚጠልቅ ሁልጊዜ ይዋኛል። ወይ ምሥራቁን ከወደዳችሁ ግማሽ ጨረቃ ላይ የሚውለውን ሳምንት ምረጡ። የሠርግ ቀን ሲቆረጥ ካላንደር የሚያይ ሰው ለጫጉላም ጨረቃ ቢያይ አይከብደውም።

የሸሸውን ባሕር ግን አትናቁት። እኔ ከዛንዚባር አብልጬ የምወደው ሰዓት እሱ ነው። የፓጄና የጃምቢያኒ ሴቶች ያኔ ይወርዳሉ። በአሸዋው ላይ እንጨት ተክለው በገመድ «ምዋኒ» የሚባል የባሕር ሣር ያለማሉ። ሥራው ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ምርቱ ውጭ አገር ሄዶ በጥርስ ሳሙናና በምግብ ውስጥ ማወፈሪያ ይሆናል። ዛሬ ውሃው እየሞቀ ስለሄደ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ለዳርቻው ቅርብ በሆነው ውሃ ላይ እምቢ ብሏቸዋል። ወደ ጥልቁ መግባት አለባቸው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ዋና አይችሉም። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ከሣሩ የሚሠሩትን ሳሙና ግዙ። በባዶ እግር ግን አትሂዱ። በኩሬዎቹ ውስጥ ረጅም ጥቁር እሾህ ያለው እንስሳ አለ፤ ከወጋ ቀናት ያሳምማል። የላስቲክ ጫማ ይበቃል።

ሰዓት ስትጠይቁ ደስ የሚል ነገር ይገጥማችኋል። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው! ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሉ ፈረንጅ 7 የሚለውን ነው። ዓሣ አጥማጁ «ውሃው አራት ሰዓት ላይ ይሸሻል» ካላችሁ አራት ሰዓት ነው፤ መቀነስ መደመር የለም። ፈረንጁ ቱሪስት ግራ ሲጋባ እናንተ አትጋቡም። የሆቴሉ ሠሌዳ ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ሰዓት ማስተካከልም አያስፈልግም፤ የእኛና የእነሱ አንድ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ይጠየቃል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድማችሁ ውሰዱ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ የደሴቷን የራሷን የጉዞ መድን መግዛት አለበት፤ ዋጋው ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ፌስታል ይዛችሁ አትሂዱ። ታንዛኒያ ከጁን 2019 ጀምሮ ከልክላለች። ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ከረጢት ያዙት።

ወባ በዛንዚባር በጣም ቀንሷል፣ አልጠፋም ግን። ትንኝ የምትበዛው ከዝናቡ በኋላ ነው፤ በግንቦት መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ የምትሄዱ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ። የአዲስ አበባ ሰው ለወባ የለመደ ሰውነት የለውም፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፣ ተመርመሩ።

በስቶን ታውን መንገድ ላይ ትከሻና ጉልበት ሸፍኑ። ነጠላ በዚህ ጊዜ ውለታ ትውላለች።

ሆቴሉን ደግሞ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። የመጀመሪያው፦ «በእነዚህ ቀናት ውሃው የሚሸሸው በስንት ሰዓት ነው?» ሁለተኛው፦ «በዝናብ ምክንያት ቀን ብንቀይር ቀብዱ ይመለሳል?» የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን ጠይቃ ቀብዷ እንደማይመለስ፣ ቀኑን ግን መቀየር እንደሚቻል ነገሯት። ጫጉላዋን ወደ ሰኔ አዛውራለች።